የ«ቀዩን ብቻ» የጉድለት ወረቀት

ሮዳስ አሮጌ ወረቀት ሲሰጧት መጀመሪያ አታየውም፤ ታሸተዋለች። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ይህን ያየ ሁሉ ስቆባታል። «ወረቀት አሽታቿ» የሚል ስምም ወጥቶላታል። ስሙን ላወጣው ባለባጃጅ «ያንተን ባጃጅ አሽትቼ ያገኘሁትን ባወራ ተሳፋሪ አይተርፍህም ነበር» ብላ ከመለሰችለት ወዲህ ግን ፊት ለፊቷ የሚጠራት የለም።

ማሽተቷ ለቀልድ አይደለም። ሻጋታ ለዓይን ከመታየቱ በፊት ለአፍንጫ ይደርሳል። ጭስ የጠገበ ቤት ውስጥ የኖረ ወረቀት ጠረኑ ሌላ ነው፣ ሣጥን ውስጥ የከረመው ሌላ ነው፣ ከኮረሪማ ጆንያ ሥር የወጣ ደግሞ ወጥ ወጥ ይላል። ከሽታው ቀጥላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና የስልኳን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ጠረጴዛውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጋ ታበራበታለች። ያን ጊዜ ዝርግ የመሰለው ወረቀት አገር ይሆናል፤ እጥፋቱ ሸለቆ፣ የደረቀ ሙጫው ጉብታ፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ጉድጓድ። ይህን ማንም አላስተማራትም። ቀኑን በእትዬ ሰርካዲስ ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ትውላለች፤ ደንበኛ ሲጠፋ ቋንቋውን የማታውቀውን ቪዲዮ ድምፁን ዘግታ፣ የሰዎቹን እጅ እጁን እያየች ነው የተማረችው።

ያየችውን የምታሰፍርበትን ቅጽም ራሷ ነች ያዘጋጀችው። «የጉድለት ወረቀት» ትለዋለች። ጉድለቱ የት ነው፣ ምንድን ነው፣ በምን ምክንያት መጣ፤ ከሥር ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ። እትዬ ሰርካዲስ የመጀመሪያውን ቅጂ ያዩ ቀን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ለሰው ወረቀት ሲጻፍ እንጂ ለወረቀት ወረቀት ሲጻፍ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

«ሰውማ አፍ አለው እትዬ፤ ስለራሱ ይናገራል።»

«አንቺ ባለሽበት ማን አፍ ኖሮት» አሉ እትዬ ሰርካዲስ።

አቶ ዓለምሰገድን ያገኘቻቸውም በዚሁ አመሏ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ማተሚያ ቤት የፈጁ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የድሮ ፖስተር የሚሰበስቡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አሮጌ ወረቀት ወዳዶች በሚገናኙበት የቴሌግራም ገጽ ላይ አዲስ የገዙትን ፖስተር ፎቶ ለጥፈው «እንከን የለሽ» ብለው ጻፉ። ሮዳስ ከሥሩ «የላይኛው ቀኝ ጥግ ተጠግኗል። መብራት ከጎን ያብሩበት» አለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጠራ።

«ልጄ፣ ከፎቶ እንዴት አየሽው?»

«ጥላው ነዋ። የሦስቱ ጥግ ጥላ ቀጭን ነው፣ የዚያኛው ወፍራም።»

አቶ ዓለምሰገድ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ፎቶ እየላኩ አስገምግመዋታል። በመጨረሻ ትልቁ ነገር መጣ። በሰባዎቹ መጀመሪያ የታተመ፣ ለቡና ለቃሚዎች የተሠራ «ቀዩን ብቻ» የሚል ፖስተር ነበር፤ አረንጓዴው ፍሬ ሳይነካ የበሰለው ብቻ ይለቀም የሚል ትምህርት ነው። ከዚያ ሁሉ እትም አንድም አልተረፈም ሲባል ቴፒ አንድ ሽማግሌ ቤት አለ የሚል ወሬ ሰሙ።

«ሄደሽ እዪና ጻፊልኝ» አሏት። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ። ወረቀትሽን ባንድ እጄ፣ ፖስተሩን ባንድ እጄ ይዤ አመሳክራለሁ። ከገጠመ እኔም አራቱ ጓደኞቼም በዚያ አገር ካንቺ ዓይን ሌላ ዓይን አንልክም። ካልገጠመ ግን እንዳልተዋወቅን ነው። በሰው ቃል ተማምኜ ሁለት ጊዜ ተበልቻለሁ።»

«ይገጥማል» አለች ሮዳስ። ስልኩን ስትዘጋ እጇ ላይ የአንድ ሰው የመታወቂያ ማመልከቻ ነበር፤ «አመልካች» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አሳስታ ጻፈችው። ከዚህ ጠረጴዛ የሚያስነሳት በር ከተከፈተ በዚህ ፖስተር በኩል ብቻ እንደሆነ ገብቷታል።

*

ጋሽ ተካ ቴፒ ከተማ ጫፍ፣ ጓሯቸው ጎደሬና ቡና በሆነ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን የሠሩት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው፤ ደረጃ መዳቢ ነበሩ። ሮዳስ በገባች በአምስተኛው ደቂቃ ከጣሪያው ሥር ክንድ የሚያህል ወፍራም ቀርከሃ አውርደው አፉን የወተፈውን የደረቀ የእንሰት ቅጠል ፈቱ።

«ከጌጫ ነው ያስመጣሁት። የጌጫ ቀርከሃ ምስጥ አይደፍረውም» አሉ። ከውስጡ ጥቅሉን ስበው አወጡ።

ሮዳስ አሸተተች። ቀርከሃ፣ ትንሽ ጭስ፣ ሌላ ምንም። ዘረጋችው። ወደ ሰባ ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ወረቀት ላይ ቅርጫት በክንዷ ያንጠለጠለች ሴት አንዲት ቀይ ፍሬ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ተመልካቹ ትዘረጋለች፤ ከኋላዋ ያልተነኩ አረንጓዴ ፍሬዎች ከነቅርንጫፋቸው። ቀለሙ እንደ ትናንት ነው።

«እቺ ሴት ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አሉ ጋሽ ተካ።

«ማን ናት?»

«እኔም አላውቅም። ግን ቴፒ ውስጥ እኔ ነኝ የሚሉ ሦስት አሮጊቶች አሉ። አንዷማ በዚያን ጊዜ ገና አልተወለደችም።»

ሁለቱም ሳቁ። ሮዳስ መብራቷን አጋድማ ሥራ ጀመረች፤ ጋሽ ተካ በርጩማቸውን አስጠግተው እጅ እጇን ያዩ ነበር። ከላይ ሁለት የሚስማር ቀዳዳ አለ፤ ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንድ ክረምት ተሰቅሎ ነበርና። ከታች በግራ የእርጥበት እድፍ፣ በጠርዙ ሦስት ቦታ ተባይ የቀመሰው። ከዚያ ማጉያ መነጽሯን አወጣችና ሴቲቱ ጣት ላይ ቆየች።

«ምነው?» አሉ።

«ቀዩ ቀለም አልፏል። ፍሬው በሩዝ ቅንጣት ያህል ከጣቷ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። ይሄ የዕድሜ ጉዳት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ ሲታተም የመጣ ነው።» ጻፈችውም፦ «ምክንያት፦ ቀዩን ያተመው ሰው ቸኩሏል።»

ጋሽ ተካ ደስ አላቸው። «እኛም እንዲህ ነበርን» አሉ። «ጥቁር ፍሬ ካገኘሁ ጥቁር ብዬ ብቻ አልጽፍም። መሬት ወድቆ ነው? ማድረቂያ አልጋ ላይ ሳይገለበጥ ቀርቶ ነው? መፈልፈያው የነከሰው ከሆነ ማሽኑን ማን አጠበቀው? ጉድለት እናት አላት ልጄ። እናቷን ካልጻፍሽ ነገ ሌላ ትወልዳለች። አንዴ እኔው ራሴ ማሽኑን አጥብቄ አንድ ቀን ሙሉ ቡና ሳስነክስ ውዬ ስሜን ጽፌያለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

«ምን ይላሉ፣ ጻፉልኝ እንጂ። ደመወዜ ላይ።»

ሮዳስ ከሥር «ደረጃ ሁለት» ብላ ፈረመች። አንድ ለምንም ነገር አትሰጥም፤ አንድ ከማተሚያ ቤት ያልወጣ ወረቀት ነው ትላለች። የፖስተሩንና የቅጹን ፎቶ ለአቶ ዓለምሰገድ መላክ ስትጀምር ኔትወርኩ አስቸገራት፤ ስልኳን ወደ ሰማይ ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ጋሽ ተካ ተከትለዋት መጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ…»

«ይላካል አሁን፣ ይላካል…»

«እስኪመጡ ድረስ በምን ላስቀምጠው? ይሄ ቀርከሃ…»

«እርጥበት እንዳይነካው ብቻ ያድርጉ ጋሽ ተካ» አለች፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ እንደተተከለ። «እርጥበት ከነካው አለቀለት።» ፎቶው ሄደ። የሚዛኑ ሚኒባስ ረዳት ከመንገድ ይጮህ ነበርና ሮጠች።

*

ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጋሽ ተካ ደወሉ። ድምፃቸው ውስጥ ፈገግታ አለ።

«እንዳልሽው አድርጌዋለሁ። አሁን ዶፍም ቢወርድበት ምንም አይለውም።»

ሮዳስ ከወንበሯ ተነሳች። «ምን አደረጉት ጋሽ ተካ?»

«ነይና እዪው። ያምራል።»

እትዬ ሰርካዲስን ሳታስፈቅድ ወጣች። ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው መንገድ ሁሉ ሊሆን የሚችለውን በጣቷ ስትቆጥር ሄደች፤ በላስቲክ ጠቅልለውት ይሆናል፣ ብርጭቆ ውስጥ አስገብተውት ይሆናል፣ ቢበዛ ቢበዛ ሙጫ ቀብተው ጣውላ ላይ ለጥፈውት ይሆናል። እውነተኛውን አላሰበችውም። ማሰብ የነበረባት ደግሞ እሷ ነበረች፤ በዚህ ዝናብ በማያባራበት አገር ሰው የሚወደውን ወረቀት ምን እንደሚያደርገው በየቀኑ በገዛ እጇ የምታየው እሷ ናት። የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የመሬት ደብተር ቅጂ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሟች ፎቶ፤ ሁሉም በላስቲክ ይታሸጋል። ለሰው የምታሽግለት፣ ማሽኑ እስኪሞቅ «ይቀመጡ» የምትለው ማን ሆኖ ነው።

ጋሽ ተካ ጠረጴዛው ላይ አራት የሚያብለጨልጩ ቁራጮች ደርድረው ጠበቋት።

«ላሚኔት አስደረግሁት» አሉ። «ማሽኑ ሙሉውን አልችል አለ። ልጁ መካከሉን በማስመሪያ ለክቶ፣ በምላጭ፣ አንድ ፀጉር ሳያዛንፍ ነው የቆረጠው። ገጣጥመሽ ብታዪው መቆረጡም አይታወቅም።»

ሮዳስ ቁጭ አለች። ፖስተሩ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ተሰንጥቆ አራት ሆኗል። የሴቲቱ ፊት አንዱ ላይ፣ ፍሬ የያዘችበት እጅ ሌላው ላይ፣ ቅርጫቱ ሦስተኛው ላይ፣ ጽሑፉና የታችኛው ቅጠል አራተኛው ላይ። «ቀዩን ብቻ» ከሚለው «ቀዩን» እዚያው ቀርቶ «ብቻ» ወደ ቅርጫቱ ሄዷል።

«ጋሽ ተካ» አለች። ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው።

ሽማግሌው ፈገግታቸው ቀስ እያለ ወረደ። «አበላሸሁት?»

«ቀርከሃው ውስጥ ነበር እኮ። አርባ ምናምን ዓመት ቀርከሃው ውስጥ ምንም አልሆነም። እዚያው ቢቆይ…» ድምፅዋ እየሰላ መጣ። «የትኛው ጤነኛ ሰው ነው ይሄን የሚያህል ነገር በምላጭ…»

«ጠይቄሽ ነበር» አሉ ጋሽ ተካ፣ በዝግታ። ለመክሰስ አልነበረም፤ ያለፈውን ለማስታወስ ያህል ነው። «ቀርከሃው ይበቃል ወይ ልልሽ ነበር። እርጥበት እንዳይነካው ስትዪ፣ እንግዲያው አይበቃም ማለት ነው አልኩ። አንቺ ባለሙያዋ ነሽ።»

ሮዳስ ያን ቀን ስልኳን ወደ ሰማይ ይዛ በሩ ላይ መቆሟን አየችው። «ባለበት ይቆይ» ሁለት ቃል ነበር። ሁለት ቃል ለመናገር እንኳ አልታገሰችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ደግሞ የሚለቀምም አይመስልም።

ለመሄድ ስትነሳ ከበሩ የገባው ብርሃን ቁራጮቹን ከጎን መታቸው። ቆመች። ተመልሳ ጎንበስ አለች። አራቱ አንድ ዓይነት አያብለጨልጩም። ፊት ያለበት እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው፤ እጅ ያለበት ግማሹ ጥርት፣ ግማሹ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ የቀሩት ሁለቱ ጭጋግ እንደለበሱ ናቸው።

«ጋሽ ተካ፣ ሲያሽገው አጠገቡ ነበሩ?»

«ታዲያ ትቼው ልሄድ ነው?»

«መጀመሪያ የገባው የቱ ነው?»

«ሴቲቱ ናታ። እሷ ትቅደም አልኩት፤ ዋናዋ እሷ አይደለች?»

«ከዚያ መብራቱ ምን ሆነ?»

ሽማግሌው አገጫቸውን ያዙ። «ሁለተኛውን ሲከት አምፖሉ ደከም አለ። ማሽኑም ይንቀራፈፍ ጀመር። ልጁ ትንሽ ደመና ይኖረዋል ግን ችግር የለውም አለኝ። አንቺ እዚያ ሳትኖሪ በምን አወቅሽ?»

ሮዳስ ደመናማውን ቁራጭ ወደ ብርሃኑ አጋደለችው። ሙጫው የሚይዘው ማሽኑ ሲሞቅ ነው። መብራቱ ከደከመ ማሽኑ ይቀዘቅዛል፣ ላስቲኩ ይነካል እንጂ አይጣበቅም፤ ደመናው በሙጫውና በወረቀቱ መካከል የቀረ አየር ነው። ይህን በእትዬ ሰርካዲስ ማሽን መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ ደንበኛ እየተቆጣ «ይሄ ምንድነው፣ እንደገና ሥሪልኝ» ይላል። እንደገና ለመሥራት ደግሞ መጀመሪያ መላጥ አለበት።

«ምላጭ አለዎት?»

«ደግሞ ልትቆርጪው?»

«የተቆረጠው ይበቃል።»

ከቅጠሉ ቁራጭ ጀመረች፤ ቢበላሽ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። የላስቲኩን ጠርዝ በምላጭ ጫፍ ለይታ፣ ወደ ላይ ሳትጎትተው፣ በራሱ ላይ አጥፋ፣ ከወረቀቱ ጋር እያስተኛች፣ በትንፋሽ ልክ ሳበችው። ላስቲኩ እንደ እባብ ሌጦ ወጣ። ወረቀቱ ከሥሩ ደረቅና ያው የድሮው ነው።

የቅርጫቱም ወጣ፤ አንድ ቦታ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ቀለም ይዞ ሄደ። የእጁ ቁራጭ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ጥርት ያለው ግማሽ ጋ ስትደርስ ላስቲኩ እምቢ አለ፤ እዚያው በምላጭ ቆርጣ ተወችው። ቀይዋ ፍሬ ግን ከላስቲኩ ወጥታ በጣቶቹ መካከል ቀርታለች፣ ያው በሩዝ ቅንጣት ያህል ወደ ቀኝ ሸሽታ።

ፊቷ ያለበትን አንስታ ጠርዙን ሞከረች። ሌላኛውን ጠርዝ ሞከረች። ወረቀቱ ራሱ ሊሰነጠቅ ሲል እጇን አነሳች።

«እሷን አከበርኳት ብዬ» አሉ ጋሽ ተካ።

*

ዓርብ ዕለት እትዬ ሰርካዲስ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ ምክር ለመስጠት ሰዓት አልፈጀባቸውም።

«ምኑ ያስጨንቃል? ያስቆረጠው እሱ ነው። ምክንያት በሚለው ላይ «ባለቤቱ» ብለሽ ጻፊ። ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም።»

«እንግዲያው።»

«ጋሽ ተካም እንዲሁ አሉኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ከዚህ ወዲያ ማን ይቀጥረኛል፣ የኔን ስም ጻፊ አሉኝ።»

«ታዲያ ሁለት ሰው ባንድ አፍ ሲመክርሽ?»

ሮዳስ አዲስ ቅጽ አትማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቅጹ ላይ ያሉትን ቃላት ሁሉ የመረጠቻቸው እሷ ናት፤ «በምን ምክንያት» የሚለውንም ጭምር። እስከ ዛሬ እዚያ ሥር ተባይ፣ ፀሐይ፣ ሚስማር፣ የቸኮለ አታሚ ጽፋለች። ሁሉም የሌላ ሰው ነበር፣ ወይም የማንም። እትዬ ሰርካዲስ ከትከሻዋ በላይ ሆነው የምትጽፈውን አነበቡና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«እንጀራሽን በምላስሽ አጣሽው ብዬ እፈራ ነበር» አሉ። «በብዕርሽ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

*

ቅዳሜ አቶ ዓለምሰገድ በኪራይ መኪና ጋሽ ተካ ደጅ ደረሱ። ቀጭን፣ ኮታቸው የተተኮሰ፣ የጣታቸው ጫፍ ከስንት ዓመት የቀለም ሥራ የጠቆረ ሰው ናቸው። ሮዳስ ዓርብ ማታ በስልክ «ተበላሽቷል፣ ይቅርብዎት» ብላቸው ነበር፤ «መጣሁ» ብለው ዘጉባት።

ከሰላምታ በኋላ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። «መጀመሪያ ወረቀቱን።»

ሮዳስ ሰጠቻቸው። ሲያነቡ ጋሽ ተካ ጣሪያ ጣሪያውን፣ ሮዳስ ጫማ ጫማዋን አዩ። አራት ቦታ መቆረጡን አነበቡ። ሦስቱ መላጣቸውን፣ የቅርጫቱ ቀለም መነሳቱን፣ እጁ ላይ የቀረውን ላስቲክ፣ ፊቱ እንደማይላጥ አነበቡ። «ደረጃ አምስት» የሚለው ጋ ደርሰው ተመልሰው ወደ ላይ ሄዱና አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

«ምክንያት» ብለው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ገምጋሚዋ ሮዳስ፤ ባለቤቱ በምን ላስቀምጠው ብሎ ሲጠይቅ ሳትሰማ መልሳለች።»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» አሉ ጋሽ ተካ በፍጥነት። «እሷ አልነበረችም።»

«ለምን ስምሽን ጻፍሽ?» አሉ አቶ ዓለምሰገድ፣ ጋሽ ተካን ሳያዩ።

«አይጥ ቢበላው አይጥ ብዬ እጽፍ ነበር» አለች ሮዳስ። «ከአይጥ ላንስ ነው?»

አቶ ዓለምሰገድ አልሳቁም። ከኪሳቸው የራሳቸውን ማጉያ አውጥተው ቁራጮቹን አንድ በአንድ፣ ከወረቀቱ ጋር እያስተያዩ መረመሩ። አንድ ጊዜ «ይሄን ጭረት አልጻፍሽም» አሉ፤ ሮዳስ ሁለተኛው ገጽ ላይ አሳየቻቸው። ከእጁ ቁራጭ ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አደረጉት።

«ቀዩ በሩዝ ቅንጣት ያህል አልፏል» አሉ።

«ይሄ ከበፊቱም አለ። ያኔም ጽፌዋለሁ።»

«አውቃለሁ ጽፈሻል። ቀዩን ያተመው ሰው ቸኩሏል ብለሽ።» ማጉያቸውን አስቀመጡ። «ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቀዩ ማሽን ላይ እኔ ነበርኩ። ከሥራ ቶሎ ወጥቼ የምሄድበት ነበረኝ፤ ወረቀቱን ሳላስተካክል ለቀቅሁት። አለቃችን ምነው ቀዩ ሸሸ ሲለኝ ወረቀቱ እርጥብ ነው አልኩት። እርጥብ ነው ብሎ አመነኝ። ሌላ ሰው እስከ ዛሬ ያየው የለም፤ አንቺ ከቴፒ ያንን መስመር እስክትልኪልኝ ድረስ።»

ጋሽ ተካ በርጩማቸውን አስጠጉ። «ታዲያ እናትየዋ እርስዎ ነዎት» አሉ።

«ምን?»

«የጉድለቷ እናት። ስንፈልጋት ነበር።»

አሁን አቶ ዓለምሰገድ ሳቁ፤ ለረጅም ጊዜ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ሲያበቁ ከኮታቸው ብዕር አወጡና የሮዳስን የመጀመሪያውን ወረቀት፣ ደረጃ ሁለት ያለውን፣ ከፎቶው አሳትመው የያዙትን ቅጂ ከቦርሳቸው አውጥተው «ቀዩን ያተመው ሰው ቸኩሏል» ከሚለው አጠገብ ሙሉ ስማቸውን ጻፉበት።

«ለስብስቤ አይሆንም» አሉ ከዚያ፣ በደረቁ። «አራት ቦታ የተቆረጠ ፖስተር ለጓደኞቼ ባሳያቸው ይስቁብኛል። እጇን ብቻ ግን ቢሰጡኝ፣ ጋሽ ተካ…»

«የለም» አሉ ጋሽ ተካ። «አንዴ ለያየኋት፣ ይበቃል። ወይ አራቱንም ይውሰዱ ወይ አራቱም እዚሁ ይኑሩ።»

አቶ ዓለምሰገድ ቁራጮቹን አዩ፣ ቀርከሃውን አዩ። «ቀርከሃውም አብሮ?»

«ቀርከሃው ከሌለ ለምን እሰጥዎታለሁ? ብቻ የላስቲኳ ቁራጭ አትጠቀለልም፤ እሷን ለብቻ በእጅዎ ይይዟታል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዋጋው ለመነጋገር ወደ ጓሮ ሲወጡ ሮዳስ አልተከተለቻቸውም። መልሷን አላገኘችም ነበርና መብራቷን፣ ማጉያዋን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አቶ ዓለምሰገድ ሲመለሱ መኪናው ጋ አገኟት።

«ወረቀቱ ይገጥማል» አሉ። «ሁለቱም። የመጀመሪያውም የአሁኑም። ፖስተሩን ማበላሸትሽን ግን አልረሳም፤ አንቺም እንዳትረሺ።» ስልካቸውን አውጥተው አንድ ቁጥር አነበቡላት። «ቱም ውስጥ ነው። ማቴዎስ የሚባል ሰው የጤና ፖስተሮች አሉኝ ይላል፤ ስድስት ናቸው። አንዱ ጓደኛዬ ይፈልጋቸዋል። እንደምትመጪ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው።»

መኪናው ሄደ፤ የኋላ ወንበር ላይ ቀርከሃው ተጋድሞ፣ አቶ ዓለምሰገድ ደግሞ የሴቲቱን ፊት በጉልበታቸው ላይ ይዘው። ሮዳስ የሚዛኑን ሚኒባስ እየጠበቀች ደወለች። የቱሙ ሰው ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከኋላው የገበያ ጫጫታ ይሰማል። ማን እንደሆነች፣ መቼ እንደምትመጣ ነገረችው።

«እሺ፣ እሺ» አለ። «ብቻ እህቴ፣ እስከዚያ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ሥራ ካልያዘሽ…»

ሚኒባሱ ደርሶ ቆመ። ረዳቱ በሩን በእጁ እየመታ «ሚዛን፣ ሚዛን፣ አንድ ሰው» ይላል። ሮዳስ እጇን አንስታ እለፍ አለችውና ጋሽ ተካ ደጃፍ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አልያዘኝም» አለች። «ከመጀመሪያው ይጀምሩ። አሁን ያሉት በምን ውስጥ ነው?»